መብራት ሲጠፋ ዝም የማይል ሬዲዮ፦ የባትሪ መጠባበቂያ ከሀ እስከ ፐ

ለአማተር ሬዲዮ ጣቢያው፣ ማለትም ከሩቅ ሰዎች ጋር በሬዲዮ ለሚነጋገርበት የግል ጣቢያው፣ መጠባበቂያ ባትሪ ሊያዘጋጅ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያው ነው፤ ስንት አምፔር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ልግዛ? ጥያቄው ልክ ነው። ግን መብራት በሄደ ቀን ጉድ የሚሠራን አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ማነስ አይደለም፤ በባትሪውና በሬዲዮው መካከል ያለው ነገር ነው። ቀጭን ገመድ፣ የላላ ማያያዣ፣ የዛገ የፊውዝ መያዣ፣ ያለቦታው የገባ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ)። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይቆነጥራል። ከዚያ ባትሪው ገና ግማሹን እንደያዘ ሬዲዮው በንግግር መሀል ድርግም ይላል።

ስለዚህ ስለ ባትሪው የማወራውን ያህል ስለ ገመዱም አወራለሁ። ምሳሌዬ በሙሉ 100 ዋት የሚያወጣ፣ በ13.8 ቮልት የሚሠራ የተለመደ የኤችኤፍ (የአጭር ሞገድ) ሬዲዮ ነው። የእናንተ 50 ዋት ኤፍኤም ወይም ባለ 5 ዋት ትንሽዬ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ፤ አካሄዱ ያው ነው።

1. ሬዲዮው ምን ያህል እንደሚበላ ለኩ

ባለ 100 ዋት ሬዲዮ በሙሉ ኃይል ሲያስተላልፍ ከ20 እስከ 22 አምፔር ይስባል። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ደግሞ ከ1 እስከ 2 አምፔር። መመሪያ መጽሐፉ ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል፤ ግን መጽሐፉ የሚጽፈው ከፍተኛውን ስለሆነ የራሳችሁን መለካት ይሻላል። ቀጥታ ጅረት የሚለካ ክላምፕ ሜትር ካላችሁ ቀዩን ገመድ ብቻ አቅፋችሁ አንብቡ። ሁለቱን ገመድ አንድ ላይ ካቀፋችሁ ዜሮ ነው የሚያሳያችሁ።

የማዳመጡን ቁጥር አትናቁት። ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ይዘለዋል። በመጠባበቂያ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ የሚበላው እሱ ነው። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ፣ የማያስፈልገውን ድምፅ ማጉያ ማጥፋት፣ እነዚህ ሁሉ ጥቂት ነገር ያተርፋሉ።

ሌላው የሥራው ዓይነት ነው። በኤስኤስቢ (በኤችኤፍ ላይ በተለመደው የንግግር ስልት) ስትናገሩ ጅረቱ ከድምፃችሁ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ አማካዩ ከከፍተኛው ከ20 እስከ 40 በመቶ ነው። ኤፍኤም ግን ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ ብትናገሩም ባትናገሩም ሙሉውን ይስባል። ኤፍቲ8ም (በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የሚላክበት ዲጂታል ስልት) እንደዚያው ነው፤ በየ15 ሰከንዱ ተራ ውስጥ 12.64 ሰከንድ ያለማቋረጥ ያስተላልፋል። ለዲጂታል ሥራ የተሰላ ባትሪና ለንግግር የተሰላ ባትሪ አንድ አይደሉም።

2. አሁን አስሉት

ሒሳቡ የአራት መስመር ነገር ነው። ማዳመጥ 1.5 አምፔር እንበል። በኤስኤስቢ ሲነገር አማካዩ 8 አምፔር። ከጊዜው አንድ አምስተኛውን እንናገራለን፣ አራት አምስተኛውን እንሰማለን፤ ለድንገተኛ ጊዜ ግንኙነት ይሄ እንዲያውም ብዙ ንግግር ነው።

8 በ0.2 ሲባዛ 1.6። 1.5 በ0.8 ሲባዛ 1.2። ድምሩ 2.8 አምፔር። ለ12 ሰዓት ከተፈለገ 33.6፣ በአጭሩ 34 አምፔር-ሰዓት።

ግን ሄዳችሁ የ34 ባትሪ እንዳትገዙ። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ፣ ደረቅም ይሁን ውሃ የሚሞላው፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ነው የሚመከረው። ስለዚህ 68፣ እርጅናውንም ሲጨምሩበት 80 ገደማ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 80 በመቶውን ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል፤ 50 አምፔር-ሰዓት ይበቃል።

ያንኑ ሬዲዮ በኤፍቲ8 በ50 ዋት አስቡት። ሲያስተላልፍ 13 አምፔር ገደማ ቢስብና አንዱን ተራ እያስተላለፈ አንዱን ቢያዳምጥ፣ ከጊዜው 42 በመቶ ያህል እየጮኸ ነው ማለት ነው። አማካዩ ከ6 አምፔር ያልፋል። 12 ሰዓት ላይ 76 አምፔር-ሰዓት፤ ከንግግሩ ከእጥፍ በላይ ነው።

ትልቅ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የሬዲዮውን ኃይል መቀነስ ሞክሩ። ከ100 ዋት ወደ 25 ዋት ብትወርዱ ወዲያ ማዶ የሚሰማችሁ ሰው ላይ የሚቀንሰው 6 ዴሲቤል፣ ማለትም አንድ ኤስ ዩኒት (በሬዲዮው የሲግናል መለኪያ ላይ አንድ ደረጃ) ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ልብ እንኳ አይለውም። ጅረቱ እኩል በአራት አይካፈልም፤ ማጉያው በዝቅተኛ ኃይል ብዙ ያባክናል። ቢሆንም ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ገመዱም፣ ፊውዙም፣ ባትሪውም አብረው እፎይ ይላሉ። በእኔ እይታ ከሁሉም የሚረክሰው ማሻሻያ ይሄ ነው፤ አንድ ማዞሪያ ነው የምትነኩት።

3. ባትሪውን ምረጡ

የመኪና ማስነሻ ባትሪ አለኝ፣ አይሆንም ወይ? ለአንድ ቀን ይሆናል፤ ለመጠባበቂያ አይሆንም። ውስጡ ያሉት ሳህኖች ስስ ናቸው፤ የተሠሩት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጅረት እንዲሰጡ ነው። ደጋግሞ ጠልቆ ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል። በተደጋጋሚ ለመራገፍ ተብሎ የተሠራ ባትሪ ፈልጉ።

ውሃ የሚሞላው የእርሳስ ባትሪ ርካሽ ነው፣ ግን ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። አየር በማይገባበት ሣጥን ወይም በመኝታ ክፍል አታስቀምጡት። ደረቁ፣ በተለይ ኤጂኤም የሚባለው፣ በትክክለኛ ቮልት ከተሞላ ጋዙን ውስጡ ያስቀራል፤ ለቤት ጣቢያ የሚመች እሱ ነው። የሁሉም የእርሳስ ባትሪ ጠላት ግን አንድ ነው፦ ባዶውን መቀመጥ። ተራግፎ ሳምንታት ከቆየ ሳህኑ ላይ ሰልፌት ይጠነክራል፤ ያ ባትሪ ወደ ድሮ አቅሙ አይመለስም።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ዋጋው ከበድ ይላል፣ ክብደቱ ግን ቀለል። ለሬዲዮ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ቮልቱ ነው። አራት ባለ 3.2 ቮልት ሕዋሶች በተከታታይ ተያይዘው 12.8 ይሰጣሉ፤ ከሙላቱ እስከ መጨረሻው አካባቢም ብዙም ሳይወርድ 13 አካባቢ ይቆያል። የእርሳሱ ሲሞላ 12.7 ሆኖ፣ ግማሽ ሲደርስ 12.2 አካባቢ ነው። ይህች የቮልት ልዩነት ኋላ ላይ ትመጣለች።

ሊቲየም ስትገዙ ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አለ፤ ከተወሰነ ጅረት በላይ ሲሳብ መስመሩን ይቆርጣል። ትንንሾቹ ባትሪዎች ላይ ይህ ገደብ ከ10 እስከ 15 አምፔር ሊሆን ይችላል። ሬዲዮው 20 ሲጠይቅ ባትሪው ቀጥ አድርጎ ይዘጋል፤ ሰውም ሬዲዮዬ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ለ100 ዋት ሬዲዮ ያለማቋረጥ ቢያንስ 30 አምፔር የሚፈቅድ ይሁን። ከዜሮ ዲግሪ በታች ደግሞ ሊቲየም ቻርጅ አይደረግም፤ መጠቀም ግን ይቻላል።

ሙቀትም አለ። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ8 እስከ 10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይቆረጣል ይባላል። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይም ፀሐይ በምታርፍበት መስኮት አጠገብ አታኑሩት።

4. ገመድና ፊውዝ

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የብዙ ጣቢያ ችግር ያለው እዚህ ነው።

አብዛኞቹ ሬዲዮዎች የሚሠሩት 13.8 ቮልት ላይ ሆነው 15 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች በሚል ገደብ ነው። ታችኛው ጫፍ 11.7 ቮልት ይሆናል። ይሄ የሚለካው ባትሪው ላይ አይደለም፤ ሬዲዮው ጀርባ፣ ያውም እያስተላለፈ ነው።

የእርሳስ ባትሪው ግማሽ ደርሷል እንበል። ሳይነካ 12.2 ያሳያል። 20 አምፔር ሲሳብበት ወደ 12.0 ዝቅ ይላል። ከባትሪው እስከ ሬዲዮው 2 ሜትር ከሆነ ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ የገመዱ ርዝመት 4 ሜትር ነው። ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ በሜትር 7.4 ሚሊኦም ገደማ አለው። በ20 አምፔር ወደ 0.6 ቮልት ይበላል። ሬዲዮው ጋ የደረሰው 11.4 ነው፤ አለቀ፣ ከገደቡ በታች ነን። ባለ 6 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ከሆነ በሜትር 3.1 ሚሊኦም ስለሆነ የሚበላው 0.25 ብቻ ነው። 11.75 ይደርሳል፣ ለጥቂትም ቢሆን ያልፋል። ርዝመቱን ወደ 1 ሜትር ብታሳጥሩት ደግሞ ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል። ባትሪው ያው ነው፤ የተለወጠው ገመዱ ብቻ ነው።

በዚያው ሁኔታ ሊቲየሙ በጭነት 12.9 አካባቢ ቢሆን፣ በባለ 6 ገመድ 12.65 ይደርሳል። ያቺ የቮልት ልዩነት እዚህ መጣች።

ቮልት ሲያንስ ሬዲዮው ሁሌ አይጠፋም፤ አንዳንዱ እየሠራ ይቆይና ድምፃችሁን ያበላሻል፣ ሲግናላችሁም ጎን ወዳሉት ድግግሞሾች ይፈሳል። እናንተ አታውቁትም። የሚነግሯችሁ ሌሎች ናቸው።

ፊውዙ የሚገባው ባትሪው አጠገብ ነው፤ ከፖዘቲቩ ተርሚናል በተቻለ መጠን ቀረብ ብሎ፣ 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ውስጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሬዲዮውን ሳይሆን ገመዱን ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ርዝመት ምንም ጠባቂ የለውም። ትንሽ የሚመስል ባትሪ ሁለቱ ጫፎች ቢነካኩ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ለባለ 6 ገመድና ለ100 ዋት ሬዲዮ 30 አምፔር ፊውዝ ልክ ነው። ሬዲዮው ይዞት የመጣውን ፊውዝ ግን አታውጡት።

ማያያዣ ላይ ብዙ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች የሚስማሙት በአንደርሰን ፓወርፖል ነው። ወንድና ሴት የለውም፣ ቀዩና ጥቁሩ ከተገጣጠሙ በኋላ አይሳሳትም። የ15፣ የ30ና የ45 አምፔር ጫፎቹ አንድ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው የሚገቡት፤ ወፍራም ገመድ ከሆነ የ45ቱ ይሻላል። ጫፉን በሚገባው መጭመቂያ ፒንሳ ጨምቁት እንጂ በተራ ፒንሳ አትደቁሱት። ከጨመቃችሁ በኋላ በደንብ ሳቡት። ከወጣ አሁን መውጣቱ ይሻላል።

ኔጌቲቩንም ጠበቅ አድርጉ። እሱ ከላላ ጅረቱ መመለሻ ስለሚያጣ በአንቴናው ገመድ ሽፋን ወይም ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ልመለስ ይላል። 20 አምፔር በዩኤስቢ ገመድ። ከዚያ በኋላ የሚሸተው ሽታ ይታወቃል።

ስትሠሩ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። የምትጠቀሙበትን ቁልፍ እጀታ በኢንሱሌሽን ቴፕ ጠቅልሉት። ስትገጥሙ ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ስትፈቱ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ፊውዙ የመጨረሻው ይሁን።

5. መብራት ሲጠፋ ማን ይቀይር?

ቀላሉ መንገድ እጃችሁ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ (የቤቱን መብራት ወደ 13.8 ቮልት ከሚቀይረው ዕቃ) ንቀሉ፣ ባትሪው ላይ ሰኩ። ሰው ሁሌ ጣቢያው ላይ ካለ ይሄ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ የሚበላሽ ነገር የለውም።

ሁለተኛው የድሮው መላ ነው። ደረቁን የእርሳስ ባትሪ ከ13.8 ቮልቱ ፓወር ሰፕላይ ጋር ትይዩ ማሰር። እየተሞላ ይቆያል፣ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮው እንኳ አያውቅም። ችግሩ ሁለት ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል፤ አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ይሄን አይወድም። መብራት ሲመለስ ደግሞ የተራገፈው ባትሪ ያገኘውን ሁሉ ይስባል፣ እናንተም በዚያ ላይ ታስተላልፋላችሁ፤ ፓወር ሰፕላዩ ከአቅሙ በላይ ይሄድና ይዘጋል። ለሊቲየም ይሄንን መንገድ አልመክርም።

ሦስተኛው ሁለት ዳዮድ ነው፤ አንዱ ከፓወር ሰፕላዩ፣ አንዱ ከባትሪው፣ ሁለቱም ወደ ሬዲዮው። ቮልቱ የበለጠው ያሸንፋል። ወደ ኋላ መፍሰስ የለም። ግን ሾትኪ የሚባለው ዳዮድ እንኳ በዚህ ጅረት ወደ 0.5 ቮልት ይበላል። በ20 አምፔር 10 ዋት ሙቀት ነው፤ ማቀዝቀዣ ብረት ላይ ካልታሰረ ይቃጠላል። ከላይ ያሰላናትን የ11.75ን ነገር አስታውሱ፤ 0.5 ሲነሳላት የእርሳሱ ባትሪ ከጨዋታ ውጪ ነው።

አራተኛውና እኔ የምመርጠው በሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሚሠራ ትራንዚስተር) የሚሠራ ራሱ የሚቀይር ሰሌዳ ነው። ሥራው እንደ ዳዮድ ሆኖ የሚበላው 0.1 ቮልት አካባቢ ነው። ተሠርተው የሚሸጡ አሉ፤ አንዳንዶቹ ባትሪውንም ይሞላሉ። ስትገዙ የባትሪ ዓይነት መምረጫ እንዳለውና ቢያንስ 30 አምፔር እንደሚያሳልፍ እዩ። ከሊቲየም ጋር አንዲት ነገር ታያላችሁ፦ ሙሉ ባትሪ 13.5 አካባቢ ስለሚያርፍ፣ ፓወር ሰፕላዩ በጭነት ትንሽ ሲወርድ ባትሪው ጣልቃ ገብቶ ያግዘዋል። ጉዳት የለውም። ካልወደዳችሁት የፓወር ሰፕላዩን ቮልት በትንሹ ከፍ አድርጉት።

6. አሞላል

ለእርሳስ ባትሪ ከአቅሙ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን አምፔር፤ ለ100 አምፔር-ሰዓት ከ10 እስከ 20። ኤጂኤም እስከ 14.4 ወይም 14.7 ይወጣና ሲሞላ ወደ 13.5 ወይም 13.8 ወርዶ እዚያ ይቆያል። ትክክለኛው ቁጥር የባትሪው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ከእኔ ይልቅ እሱን እመኑ። ሊቲየም ከ14.2 እስከ 14.6 ይሞላል። ለረጅም ጊዜ ሳትጠቀሙ ስታስቀምጡት ግማሽ ላይ ይሁን፤ የእርሳሱ ግን ሁሌም ሙሉ። የሊቲየም ባትሪ በእርሳስ ቻርጀር፣ በተለይ ሰልፌት አስወግዳለሁ በሚል ቮልቱን በሚያዘልል ቻርጀር አትሙሉ።

7. ጫጫታውን ዝም አሰኙ

ባትሪውን በኢንቨርተር ወደ ቤት መብራት ቀይሮ፣ ከዚያ በፓወር ሰፕላይ መልሶ ወደ 13.8 ማውረድ የሚሞክር አለ። ሁለት ጊዜ ትከስራላችሁ፤ በዚያ ላይ ርካሽ ኢንቨርተር ኤችኤፉን በጩኸት ይሞላዋል። ሬዲዮው በቀጥታ ከባትሪው ይብላ።

ኮምፒውተሩ፣ ራውተሩና አንድ ኤልኢዲ አምፖልም ባትሪ ይበላሉ፤ በስሌቱ አስገቧቸው። ባለ 12 ቮልት ራውተር በቀጥታ አትሰኩ፤ ሊቲየም ሲሞላ 14.6 ይደርሳል። ቮልት የሚያስተካክል ትንሽ መቀየሪያ አስገቡ፣ ገመዱንም ጩኸት በሚያፍን ፌራይት ቀለበት ላይ ጥቂት ዙር ጠምጥሙት። ምንጩን ለማወቅ ሬዲዮውን በባትሪ ከፍታችሁ ሌላውን ሁሉ አጥፉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አብሩ። ጩኸቱ ከየትኛው ጋር እንደመጣ ያኔ ትሰማላችሁ። የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያዎችም ከተጠርጣሪዎቹ ናቸው።

8. ፈትሹት

መልቲሜትሩን ቀጥታ ቮልት ላይ አድርጉ። የመለኪያውን ሁለት ጫፎች ባትሪው ላይ ሳይሆን ገመዱ ሬዲዮው ጀርባ የሚገባበት ቦታ ላይ ያዙ። አንቴናውን በሰው ሠራሽ ጭነት (ሲግናሉን ወደ ሙቀት በሚቀይር መፈተሻ) ተኩ። ሬዲዮውን ሲደብሊው (የሞርስ ኮድ ስልት) ወይም ኤፍኤም ላይ አድርጋችሁ በሙሉ ኃይል ለ5 ሰከንድ ቁልፉን ያዙና አንብቡ። ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ መለኪያውን ባትሪው ተርሚናል ላይ አድርጋችሁ ድገሙ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገመዱ፣ የፊውዙና የማያያዣዎቹ ኪሳራ ነው። ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ሌባው ይፈለግ፤ የመለኪያውን ጫፎች ፊውዙ ሁለት ጎን፣ ከዚያ እያንዳንዱ ማያያዣ ሁለት ጎን ላይ እያደረጋችሁ ለኩ። የሞቀ ማያያዣ በእጅም ይታወቃል።

ከዚያ መብራት ሳይጠፋ እናንተ አጥፉት። የፓወር ሰፕላዩን ሶኬት ንቀሉና አንድ ምሽት በባትሪ ብቻ ሥሩ። ሰዓት ሳይሆን ሥራ ነው የሚፈተነው፦ የጠረጴዛ መብራቱ የት እንደተሰካ፣ አንቴና ማስተካከያው ከምን እንደሚበላ፣ ኮምፒውተሩ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ያኔ ይወጣል።

በዓመት አንዴ ደግሞ የባትሪውን አቅም ለኩ። ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት አምፖል 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል። አምፖሉ በጣም ይግላልና እንጨት ወይም ፕላስቲክ ላይ አታስቀምጡት፣ ትታችሁትም አትሂዱ። ባትሪው በደንብ ተሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ አብሩትና ሰዓት ያዙ። ቮልቱ 12.0 ሲደርስ አጥፉ። ባለ 50 ሊቲየምም ሆነ ግማሹን ብቻ የምትጠቀሙበት ባለ 100 የእርሳስ ባትሪ 11 ሰዓት አካባቢ ሊሰጣችሁ ይገባል። ያገኛችሁትን ሰዓትና ቀኑን ባትሪው ላይ በማርከር ጻፉ፤ ወዲያውም መልሳችሁ ሙሉት። በሚቀጥለው ዓመት ሰዓቱ ከመጀመሪያው 80 በመቶ በታች ከወረደ ባትሪው ለጣቢያ ሥራ ጊዜው አልፏል። ለራውተርና ለአምፖል አውርዱት፣ ለሬዲዮው ሌላ ግዙ።